ነፋስን የሚያሳልፍ ቦዲ

በጨለለቅቱ ለጎልማሶች ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የልጅ መጫወቻ ነው። «ስለ መጫወቻ ለመስማት ነው እንዴ ሥራችንን ትተን የመጣነው?» እንዳትሉኝ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። መጫወቻው ትንሽ ነው፤ በውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ነገሩ ስለ ነፋስ ነው። ስለ ቤታችን ጣራና ቡናችንን ስለሚጭነው መኪና ነው። በመጨረሻም ስለ እርሳስና ስለ ደብተር ነው።

እኔ ከእናንተ የተለየሁ ሰው አይደለሁም። ቡናና እንሰት ያለኝ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። በወጣትነቴ ጥቂት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ በዲላና በሞያሌ መንገድ ተመላልሻለሁ። ስለ መኪና የማውቀውን ጥቂት ነገር ከዚያ አገኘሁት። የቀረውን ያስተማረኝ ልጄ ነው።

ልጄ አንድ ቀን ከዲላ የመጣ አሮጌ መጫወቻ መኪና አገኘ። በሪሞት የሚነዳ ነው። ሪሞቱ የራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በመኪናው ውስጥ ያለችው ትንሽ መቀበያ ሞገዱን ትቀበላለች። በቤታችን ያለው ራዲዮ ከሩቅ የተላከውን እንደሚቀበል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ራዲዮው ሞገዱን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ መኪናው ግን ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል፦ ሂድ፣ ቁም፣ ታጠፍ።

የመኪናው ሻንሲ፣ ሞተሩና ባትሪው ደኅና ነበሩ። ቦዲው ግን ተሰባብሮ አልቋል። ልጁ «አባዬ፣ እኔ ቦዲ እሠራለታለሁ» አለኝ። እኔም «ሥራ ፈት! ቡናው መለቀም አለበት» አልኩት። እሱ ግን ቡናውን ለቅሞ ሲጨርስ ማታ ማታ መሥራቱን አልተወም።

መጀመሪያ ከካርቶን ሣጥን ሠራ። ባለ አራት ማዕዘን፣ እንደ አውቶቡስ ቀጥ ያለ ፊት ያለው ነው። ከዚያ በሜዳ ላይ 50 ሜትር ለክቶ፣ በሞባይል ስልክ ሰዓት እየያዘ ሞከረው። መኪናው ራቁቱን ሲሮጥ 50 ሜትሩን በአራት ሰከንድ ተኩል ጨርሶ ነበር። ካርቶኑን ሲለብስ ግን 5 ሰከንድ ፈጀበት። ልብስ ሲለብስ ዘገየ ማለት ነው።

«ካርቶኑ ስለከበደው ነው» አልኩት እኔ፣ ዐዋቂ መስዬ።

«አይደለም አባዬ። ካርቶኑን አውልቄ፣ የካርቶኑን ያህል የሚከብድ ጠጠር ጭኜ ሞክሬዋለሁ። ያን ያህል አልዘገየም» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ታዲያ ያዘገየው ምንድን ነው?

ወገኖቼ፣ ያዘገየው አየር ነው። አየርን ስለማናየው ባዶ ይመስለናል። ባዶ ግን አይደለም። አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ወርድና አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሣጥን አስቡ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ቢመዘን 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ይሆናል። እንደኛ ባለ ደጋማ አገር አየሩ ሳሳ ስለሚል 1 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ይህን አየር ከፊቱ እየገፋ፣ እየከፈለ መሄድ አለበት። በውሃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ማለት ነው።

ይህን እኛ በሥራችን እናውቀዋለን። እህል ስናዘራ ገለባው በነፋስ ይወሰዳል፤ ፍሬው እታች ይወድቃል። ገለባው ሰፊና ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይይዘዋል፤ ፍሬው ድቡልቡልና ከባድ ስለሆነ ያመልጣል። የእንሰትንም ነገር ተመልከቱ። ነፋስ ሲበረታ ሰፊው ኮባ በጅማቶቹ መካከል ይተለተላል። ቅጠሉ ተበላሸ እንላለን። ነገር ግን ሲተለተል ነፋሱን በመካከሉ ያሳልፈዋል። ሳይተለተል ቢቀር ኖሮ እንደ ሸራ ነፋሱን ይዞ ግንዱን በታገለው ነበር።

አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የመሰለ መጫወቻ መኪና እንውሰድ። በእኛ ከፍታ ላይ ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው፦

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ አየሩ በ50 ግራም ክብደት ያህል ኀይል ወደ ኋላ ይገፋዋል።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ በ200 ግራም ያህል ይገፋዋል።

በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ በ800 ግራም ያህል ይገፋዋል።

አያችሁ? ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ ቅርጹ ብዙም አይጎዳውም። ጋሪ ከዘገየ ጎማውንና ኩሽኔታውን ማየት ይሻላል። ለፈጣን ነገር ግን ቅርጽ ማለት ግማሽ ሞተር ነው።

እንግዲህ ጥሩ ቅርጽ የቱ ነው? ብዙ ሰው «ፊቱ የሾለ» ይላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ከኋላ ነው። በረዳትነቴ ዘመን በኮረኮንች መንገድ ስንሄድ አቧራው የሚገባው ከፊት በኩል አልነበረም። ከኋላ ነበር የሚገባው። የመኪናው የኋላ በር ከሁሉ በላይ በአቧራ ይለበጣል። ለምን ቢሉ፣ ኋላው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መኪና ሲያልፍ አየሩ ወዲያው ሊገጣጠም አይችልም። ከመኪናው ጀርባ የሳሳ አየር ያለበት ቦታ ይፈጠራል። ያ ቦታ አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል። መኪናውንም ወደ ኋላ ይስበዋል። ስለዚህ አየሩ ከፊት ይገፋል፤ ከኋላ ደግሞ ይጎትታል።

ዓሣን ተመልከቱ። ወፍራም የሚሆነው ወደ ፊቱ በኩል ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጅራቱ ይቀጥናል። ውሃው በለስላሳው ፊት ተከፍሎ፣ በቀጭኑ ጅራት ላይ ያለ ሁከት ይገናኛል። ይህን የመሰለ ቅርጽ በአየር ውስጥ ብቻውን ቢሄድ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ሣጥን ጋር ሲወዳደር ተቃውሞው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። መኪና ጎማ ስላለውና ከመሬት ጋር ተጠግቶ ስለሚሄድ ያን ያህል አይሳካለትም። ቢሆንም ብዙ ያተርፋል።

ይህን ሰዎች የተማሩት ቀስ በቀስ ነው። ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1891 ዓ.ም. (1899 እ.ኤ.አ.)፣ ካሚይ ዠናትዚ የተባለ የቤልጅግ ሰው በፈረንሳይ አገር አንድ መኪና ነዳ። መኪናዋ በባትሪ ኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ቦዲዋ እንደ ጥይት የሞላለ ነበረች። ስሟም «መቼም የማትረካ» እንደ ማለት ነው። በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠች። ከ100 በላይ የሮጠች የመጀመሪያዋ መኪና እሷ ናት። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ነበራት። ነጂው ከወገቡ በላይ ከቦዲው ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ጎማዎቹም ተጋልጠው ነበር። ቦዲው ነፋስን ቢያሳልፍም ሰውዬውና ጎማው ይይዙት ነበር ማለት ነው።

መጫወቻ መኪናዎችም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራምደዋል። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. (2014 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር አንድ በራዲዮ የሚነዳ መጫወቻ መኪና በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። በክንድ የሚያዝ ነገር በመንገዳችን ከምናየው የጭነት መኪና ሁሉ በልጦ ሮጠ ማለት ነው። ያለ ትክክለኛ ቦዲ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

«ይህማ የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም ወገኖቼ። የእኛ ጋራዦች በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው የሕዝብ ማመላለሻ ይሠራሉ። ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» ብሎ የሰየመው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያም በፊት በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ አንድ አውሮፕላን ተሠርቶ በርሯል። የሠራው ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ነው። አውሮፕላኗ «ፀሐይ» ትባላለች። ጣልያን ወስዷት በሙዚየም ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ስለዚህ ነፋስን የሚያሳልፍ አካል በአገራችን መሥራት አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ሁለተኛውን ቦዲ እንዴት እንደ ሠራው ልንገራችሁ። በውጭ አገር ስስ ፕላስቲክ አሙቀው፣ በቅርጽ ላይ ዘርግተው፣ አየሩን ከሥር በመሳሪያ እየመጠጡ ያለብሱታል። እኛ ያ መሳሪያ የለንም። እሱ ባለው ነገር ሠራ።

አንደኛ፣ ለካ። ሻንሲውን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈ። የፊት ጎማዎች ሲታጠፉ እስከ የት እንደሚደርሱም ምልክት አደረገ። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ጨመረ።

ሁለተኛ፣ ከደረቀ የኮርች እንጨት ቅርጹን ጠረበ። ኮርች ለስላሳና ቀላል ስለሆነ በቢላዋ ይቀረጻል። አፍንጫውን ዝቅና ክብ አደረገው፤ ጅራቱን ረጅምና ቀጭን አደረገው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

ሦስተኛ፣ እንጨቱን ዘይት ቀባው። ይህ ወረቀቱ እንዳይጣበቅበት ነው። ዱቄት በውሃ በጥብጦ እንደ አጥሚት አፈላና ማጣበቂያ አደረገው። አሮጌ ጋዜጣ በቀጫጭኑ ቀዶ፣ በማጣበቂያው እየነከረ በእንጨቱ ላይ ደረበ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ስድስት ድርብ ለበሰ። አገራችን ዝናባማ ስለሆነች ለማድረቅ ብዙ ቀን ፈጀ።

አራተኛ፣ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱን ከእንጨቱ ላይ አወለቀ። እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስና ጠንካራ ሆነ። ዳሩን ቆረጠ፤ እርጥበት እንዳይገባው የዘይት ቀለም ቀባው።

አምስተኛ፣ አፍንጫውን አጠነከረ። አፍንጫ ቶሎ ይጋጫልና። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ በእንጨቱ አፍንጫ ላይ አጠለቀው። ከዚያ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ፕላስቲኩ ተኮማትሮ የእንጨቱን ቅርጽ ያዘ። ሲቀዘቅዝ እንደዚያው ደርቆ ቀረ። «አፈሰስኩበት» ማለቴን ልብ በሉ። የፈላ ውሃ የልጅ ሥራ አይደለም። ያን ጊዜ እኔም ሳላስበው ሠራተኛው ሆኛለሁ።

ስድስተኛ፣ ከፊት ትንሽ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ከፈተ። ሞተሩና ባትሪው ሲሞቁ አየር ያስፈልጋቸዋልና።

ሜዳ ወጣን። 50 ሜትሩን በ4 ሰከንድ ጨረሰው! ሣጥኑ 5፣ ራቁቱ አራት ተኩል፣ ይኸኛው 4። በሒሳብ ስናወጣው 50 ሜትርን ለ4 አካፍለን በ3.6 ስናበዛው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሞተሩ ያው ነው። ባትሪው ያው ነው። የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

ደስታችን ግን አልቆየም። ቁልቁለት ላይ ስንለቀው ፍጥነቱ ጨመረ፤ አፍንጫው ብድግ አለና መኪናው ተገልብጦ ተንከባለለ። ቦዲው ተቀደደ። ልጁ አላለቀሰም። ተንበርክኮ አየና «አየር ከሥሩ ገባ» አለ።

ይህን ነገር እኛም እናውቀዋለን። ነፋስ የቆርቆሮ ጣራ ሲነቅል አይታችሁ የለም? ነፋሱ በጣራው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ከላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ከሥር በበርና በታዛ የገባው አየር ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ጣራው ይነሣል። መኪናዋንም ያነሣት ይኸው ነው። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገው፤ ሆዷን በዝርግ ፕላስቲክ ዘጋው፤ በጅራቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ ከንፈር አበጀ። ይህ ከንፈር ትንሽ ፍጥነት ይወስዳል፤ የኋላ ጎማዎችን ግን መሬት ያስይዛል። ባትሪውንም ወደ ፊት ገፋው። ጦርን አስቡ። ጦር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብረቱ ከፊት ስለሚከብድ፣ ዘንጉ ከኋላ ስለሚቀል ነው።

አሁን አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር። ይህን ንግግር ለማድረግ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ሙከራውን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር። አፍንጫው ከመሬት ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ራቀ፣ ባትሪው የት እንደ ነበረ፣ ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ፣ መቼ እንደ ተገለበጠ። ያን ጊዜ እኔ ማንበብ አልችልም። አንድ ጠዋት እሳት ለማቀጣጠል ወረቀት ፈለግሁ። ደብተሩን አገኘሁና አምስት ስድስት ቅጠል ገነጠልኩ። ለእኔ ዝም ብሎ የተጫረ ወረቀት ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ገልጦ አየ፤ ወደ ምድጃው አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለኝም። በማግሥቱ ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀመረ። የአንድ ወር ሥራ ነበር።

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ያ ዝምታው ነው ወደ ጎልማሶች ትምህርት የወሰደኝ። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ በራሴ ያነበብኩት ነገር ከዚያ ደብተር የተረፈውን ገጽ ነው። «አፍንጫ 8 ሚሊ ሜትር፤ 4 ሰከንድ፤ አልተገለበጠም» ይላል። ያቃጠልኩት ምን እንደ ነበረ ያን ቀን ገባኝ።

ወገኖቼ፣ እኛ ብዙ ነገር ሞክረን እናውቃለን። ይህን ችግኝ እዚህ ተከልን፤ ያንን ጥላ ዛፍ ቆረጥን፤ ቡናውን በአልጋ ላይ ይህን ያህል ቀን አደረቅን። ነገር ግን አልጻፍነውም። በሁለተኛው ዓመት እንረሳዋለን፤ ከሞትን ደግሞ ከእኛ ጋር ይቀበራል። ሳይጻፍ የቀረ ሙከራ እሳት ውስጥ እንደ ገባ ወረቀት ነው። አሁን ግን እጃችን እርሳስ ይይዛል። ምክንያት የለንም።

ከመለያየታችን በፊት ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። የጣራችሁን ቆርቆሮ፣ በተለይ ዳር ዳሩን፣ በደንብ አስመቱ፤ ነፋስ ሲበረታ በነፋሱ በኩል ያለውን በር ዝጉ። ጭነት ስታስጭኑ ሸራው ተወጥሮ ይታሰር፤ የሚንቀለቀል ሸራ ነፋስ እየያዘ ነዳጅ ያስበላል። ልጆቻችሁ መኪና ሠርተው ሲጫወቱ አትከልክሏቸው፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ፈጽሞ አይጫወቱ። የጭነት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ቶሎ ሊቆም አይችልም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ያበጠ ወይም የተወጋ የመጫወቻ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ቻርጅ አይደረግም፤ ወደ ምድጃም አይጣልም።

የልጃችሁን ደብተር ደግሞ ከማንሣታችሁ በፊት አንብቡት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የካርቶኑ ቦዲ መኪናውን ለምን አዘገየው? ልጁ ምክንያቱ ክብደት ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጠው እንዴት ነው?

2. መኪና በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ቢጨምር የአየር ተቃውሞው ስንት እጥፍ ይሆናል?

3. የቆርቆሮ ጣራን የሚነቅለውና መጫወቻ መኪናውን የገለበጠው ነገር በምን ይመሳሰላል?

4. እናንተ በእርሻችሁ ላይ ሞክራችሁ ሳትጽፉት የቀረ ነገር አለ? ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ጻፉት።